የእትዬ ጌጤነሽ ግቢ እንግዳ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ሁሉ አንዲት ተረት ያውቃል። ደላሎች ሳይቀሩ ይተርቷታል፤ ያውም እየሳቁ። እኔ ሲስቁባት ደስ አይለኝም። ተረቷ የወጣችው ከጨዋታ አይደለም፤ ከአንዲት እናት ድንጋጤ ነው። ነገሩ የደረሰባቸው ሰዎች የኖሩበትን ግቢ አውቀዋለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም ተከራይቼ ገብቼበታለሁ። ታሪኩንም ከእናትየዋም ከቤቱ ባለቤትም አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ላይ እናትየዋን አምናለሁ፤ ራሷን ስትወቅስ እንጂ ስታሳምር ሰምቻት አላውቅምና። ተረቷን ግን ገና ከመነሻው አልነግራችሁም። ታሪኳ ሳይሰማ ከተነገረች ስድብ ብቻ ትመስላለች።

እናትየዋ አይናዲስ ትባላለች፤ ባሏ ደምሰው። የመጡት ከደነባ በኩል ነው። እሱ የልስን ሠራተኛ ነው፤ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ይውላል። እሷ በከተማው ዳር በተከፈተ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ሥራ አገኘች። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ረድኤት። ያን ጊዜ ከተማዋ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለችበት ጊዜ ነው። ዓምና ባቄላ የተዘራበት ማሳ ዘንድሮ ፎቅ ይቆምበታል፤ ሰዉ ግን ከፎቁ ቀድሞ ይደርሳል። “የሚከራይ ቤት” የሚል ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ቤቱ ተይዟል ይባላል።

በመጀመሪያ የተከራዩት ከከተማው ወጣ ያለ፣ ገና ትናንት ገጠር የነበረ ሰፈር ነበር። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ወለሉም እንደዚያው። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል። አይናዲስ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ደምሰው ጅብ ፈርቶላት ዱላ ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ይሸኛታል፤ ረድኤት እስኪመለስ ብቻዋን ትተኛለች። ያም ሆኖ የራሳቸው በር ነበራቸውና ኖሩበት። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። መንገድ ይወጣበታል ተባለ። ባለቤቱ ወደ ዘመዶቹ ገባ፤ ተከራይ ግን የሚገባበት ዘመድ የለውም።

ባልና ሚስቱ ተመካከሩ። ደምሰው ከዚያም ራቅ ብለው ከገበሬ ላይ በግል ውል ትንሽ መሬት ይዘው ቆርቆሮ ቢመቱ ይሻላል አለ። አይናዲስ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ቤታቸው ሲፈርስ በዓይኗ አይታለችና እንቢ አለች። እሷ ደግሞ ወደ ደነባ እንመለስ ስትል እሱ ምን አርሰን ምን ልንበላ ነው አላት። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ቢተው የሚባል ደላላ መጣ። ቢተው ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ሰው ነው። የቤት ደላላ ነገር ሲያስረዝም ቤቱን ሌላ ደላላ ይወስድበታል።

“የእትዬ ጌጤነሽ ግቢ ነው” አላቸው። “ሲሚንቶ ወለል፣ መብራት፣ ውኃ ከግቢ። ፋብሪካው ደግሞ ቅርብ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ልጅ አይፈልጉም።”

ረድኤት ያን ጊዜ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው። የእናቷን ቀሚስ ይዛ እዚያው ቆማለች። ቢተው አያትና ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። “እኔ ምንም አላየሁም” አለ፤ “ነገ ጠዋት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።”

ልጅቷን ደነባ፣ የደምሰው እናት ዘንድ ወሰዷት፤ ለጊዜው ተብሎ። ተከራይ ሁሉን ነገር የሚያደርገው ለጊዜው ነው። ከዚያ ባልና ሚስቱ የእትዬ ጌጤነሽ በር ላይ ቆሙ። እትዬ ጌጤነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአፋቸው ቃል ቆጥበው የሚያወጡ፣ ግቢያቸውን ራሳቸው የሚጠርጉ ሴት ናቸው። ከኋላ ያሉትን የሰርቪስ ክፍሎች አከራይተው ይኖራሉ። ገና ግቡ ሳይሉ፣ ገና ስማቸውን ሳይጠይቁ፣ አይናዲስ ቀድማ አፏን ከፈተች።

“እኛ ሁለት ብቻ ነን እትዬ። ልጅ የለንም።”

እትዬ ጌጤነሽ ትንሽ አዩዋትና “እንግዲህ እሱ ይስጣችሁ” አሉ። ቁልፉን ሰጧት። አይናዲስ ምርቃቱ እንደ መርፌ ወጋኝ ትላለች። ደምሰው ግን ቁልፉን እያየ ነበር።

ክፍሏ ጥሩ ነበረች። የደብረ ብርሃን ብርድ በወለል በኩል እንደማይገባ አይናዲስ ያወቀችው እዚያ ነው። ሆኖም ሞቆሽ መተኛትሽ ምን ይሠራል፤ አልጋው ላይ የልጅሽ ቦታ ባዶ ነው። በየወሩ ደነባ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ለሁለት ቀን ምግብ አይወርድላትም። በበጋው መጨረሻ የደምሰው እናት ላኩባቸው። ዓይኔ ከድቶኛል፤ ልጅቷ ምድጃ ውስጥ ልትገባ ስትል ጎረቤት ነው የደረሰላት፤ ሳትጠፋ ውሰዱልኝ የሚል ነበር መልእክቱ።

እንደገና ቤት ፍለጋ ወጡ። ግማሹ ልጅ አንፈልግም ይላል፤ ግማሹ ሞልቷል ይላል፤ የተገኘው ደግሞ ከጭቃው ቤት የባሰ ነው። ክረምቱ እየገባ ነበር። አንድ እሑድ ደምሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ ሐሳቡን አወጣ።

“እንግዳ ናት እንበል። የእህትሽ ልጅ ናት፣ ክረምቱ እስኪወጣ ነው እንላለን። እስከዚያ ሌላ ቤት አይጠፋም።”

“ልጄን እህቴ ወለደቻት ልበል?”

“ሜዳ ላይ ከምትወድቅ እህትሽ ትውለዳት” አለ።

አይናዲስ ተስማማች። የነገሩ ክፋቱ እሱም ልጁን መውደዱ ነው። ጠልቷት ቢሆን ኖሮ እንቢ ማለት ይቀላት ነበር።

ሄደው አመጧት። ትምህርቱ የተጀመረው ደነባ፣ መኪና ሲጠብቁ ነው። አይናዲስ ከረሜላ ገዝታለች። እናትሽ የት ናት? አገር ቤት። እኔ ማን ነኝ? አክስቴ። አንቺስ ማን ነሽ? እንግዳ ነኝ። ልጅቷ ፈጣን ነበረች፤ መኪናው ሳይመጣ ያዘችው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ አይናዲስ የምትለው ስላልነበራት እውነቱን ነገረቻት፤ እናትሽ መሆኔን ካወቁ ከቤቱ ያስወጡናል አለቻት። ልጅቷ ከዚህ በኋላ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ቀይ ቀለም የተቀባውን ቤት ታስታውሳለች።

አይናዲስ በዚህ አላበቃችም። ሰው ልጅቷን አባብሎ እንዳያወጣጣት ፈራች። ስለዚህ ትፈትናት ጀመር። ፊቷን በሁለት እጇ ትይዝና፣ ዓይኗን እያየች፣ በሚያሳዝን ድምፅ “ረድኤትዬ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፣ አይደል?” ትላታለች። ልጅቷ አዎ ካለች ከረሜላው ይቀራል። አይደለሽም ካለች ይሰጣታል። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሸንፋ አለቀሰች። አይናዲስም “ባለቅስም፣ ብምልም፣ እንዳታምኚኝ” ብላ አስጠነቀቀቻት። ከዚያ በኋላ ተሸንፋ አታውቅም።

እትዬ ጌጤነሽ ልጅቷን ሲያዩ “እንግዳ የእግዜር ነው” ብለው ተቀበሏት። አንድ ነገር ብቻ ቆጣ ብለው ተናገሩ። “ቤት ዘግተሽባት ሥራ እንዳትሄጂ። እኔ ዘንድ ትዋል።” ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ልጅ የማይፈልጉ ሴት እንዴት ልጅ እኔ ዘንድ ትዋል ይላሉ? አይናዲስ ግን ፍርሃት ይዟት ነበርና ጆሮዋ ሰማ እንጂ ልቧ አልሰማም። ረድኤት ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬ ጌጤነሽ በረንዳ ላይ መዋል ጀመረች። ምስር ትለቅማለች፤ ዶሮ ታባርራለች፤ እማማ እያለች ትከተላቸዋለች።

አይናዲስ ሥራ ላይ ሆና እጇ ይሰፋል፣ ልቧ በረንዳው ላይ ነው። ዛሬ ምን ተናግራ ይሆን? አስተኛኘቷን፣ አሳሳቋን አይተው የእኔ መሆኗን ያውቁ ይሆን? ከፋብሪካ ስትመለስ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የምታየው የእትዬ ጌጤነሽን ፊት ነው፤ የልጇን ፊት የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። የክፍሎቹ ኮርኒስ አንድ ስለሆነ ድምፅ ከክፍል ክፍል ይሄዳል። ረድኤት በእንቅልፍ ልቧ እማ ስትል ደምሰው ጮክ ብሎ ያስላል። ጎረቤቶቹ ደረቱን ታሞ መስሏቸው ፌጦ አመጡለት።

ከሁሉ የባሰው የእትዬ ጌጤነሽ ፍቅር ነበር። ልጅቷን በወደዱ መጠን ያችን የሌለችውን እህት ይረግሙ ጀመር። ስልክ እንኳ አትደውልም ወይ፣ ጤናዋን አትጠይቅም ወይ ይላሉ። አይናዲስ ችግር ነው እትዬ ትላለች፣ አንገቷን ደፍታ።

“ችግርማ እኔም አውቀዋለሁ” አሏት አንድ ቀን። “ልጅን ሰው ቤት ጥሎ ዝም ማለት ግን ከችግር አይቆጠርም። ከንቱ ሴት ናት።”

አይናዲስ ልብስ ላጥብ ብላ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ቧንቧውን ከፈተችና የውኃው ድምፅ ልቅሶዋን እስኪሸፍንላት አለቀሰች። ለሌላ ሰው ተብሎ የተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ግን እሷን ነው ያገኛት።

ረድኤት ደግሞ እየተለወጠች ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ እንጂ መሃል ላይ አትቀመጥም። ዳቦ ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀብላ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፤ አንድ ዓይነት ምግብ ቢጥማት ጨምሩልኝ አትልም። ራሷ መሶቡን ከፍታ ትበላ የነበረች ልጅ አሁን ልብላ ብላ ትጠይቃለች። ልብሶቿን በአንድ ፌስታል አድርጋ፣ ቋጥራ፣ በሩ አጠገብ አኖረች። አይናዲስ ፌስታሉን ፈትታ ልብሱን ከራሷ ልብስ ጋር ብትሰቅለውም ልጅቷ ተመልሳ አውርዳ ቋጠረችው። ሰው በሌለበትም፣ በራቸው በተዘጋበትም፣ ሦስቱ ብቻቸውን በሆኑበትም አክስቴ ማለት ጀመረች። ደምሰው በዚህ ተደሰተ። ይቺ ልጅ አታጋልጠንም አለ።

“እኔ ይቺን ልጅ ፈርቻታለሁ” አለችው አይናዲስ።

“ምኗን?”

“መማሯን።”

እሱ ሳቀ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረሜላ መግዛት አቆመች፤ አቁሜያለሁ ብላ ግን ለልጅቷ አልነገረቻትም። እንዴት ብላ ትነግራታለች? ክረምቱ ገና ነው፤ ቤትም አልተገኘም።

የሐምሌ ሥላሴ ዕለት አይናዲስ ፈቃድ ወስዳ ነበር። ከእትዬ ጌጤነሽና ከረድኤት ጋር ሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ፤ ደምሰው ሥራ ውሎ በኋላ ይደርሳል። ሕዝቡ ለጉድ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ሊገባ ሲል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መጠለያ ፍለጋ ተንቀሳቀሰ። የረድኤት እጅ ከአይናዲስ እጅ አመለጠ። አይናዲስ ዘወር ስትል እትዬ ጌጤነሽም የሉም፤ ልጅቷም የለችም። ያለው ጃንጥላ ብቻ ነው።

እንደ እብድ ዞረች። ረድኤት እያለች ተጣራች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ጌጤነሽን አገኘቻቸው፤ ልጅቷ ከእርሳቸው ጋር ናት ብላ የያዘችው ተስፋም እዚያው ቀረ። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲፈልጉ ድምፅ ማጉያው ተናገረ። ረድኤት የምትባል ልጅ ጠፍታ ተገኝታለች፤ እንግዳ ነኝ ትላለች፤ እናቷ አገር ቤት መሆኗን ትናገራለች፤ የሚያውቃት ሰው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ድንኳን ይምጣ አለ። አይናዲስ ሮጠች።

ድንኳኑ ውስጥ የጠፉ ልጆችን የሚረከቡት ጋሽ ተክለወልድ የሚባሉ የደብሩ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ ወታደር የነበሩ፣ ሰው በቀላሉ የማያምኑ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ልጄ ነው ብላ የሰው ልጅ ይዛ ልትሄድ ስትል ከበር ላይ ነው የተያዘችው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ተክለወልድ አንድ ደንብ አወጡ። ልጁ ራሱ እናቴ፣ አባቴ ብሎ ካልሄደ አይሰጡም።

አይናዲስ “ልጄ!” ብላ ገባች። ረድኤት ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለች፤ ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ከአይናዲስ ኋላ እትዬ ጌጤነሽ እያለከለኩ ገቡ። ልጅቷ አየቻቸውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሽ ተክለወልድ ይህን ሁሉ አይተዋል። “ይቺ ማን ናት?” አሏት ልጅቷን።

“አክስቴ።”

“እናትሽ አይደለችም?”

“እናቴ አገር ቤት ናት።”

“ልጄ ብላ ነው እኮ የገባችው።”

እትዬ ጌጤነሽ ጣልቃ ገቡ። የእህቷ ልጅ ናት፣ እኔ ቤት ነው የሚኖሩት፣ እኔም ዋስ ነኝ አሉ። አይናዲስ መውጫ በር ተከፈተላት። ዝም ብትል ብቻ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ቤቱም አይነካም። እውነቷን ነው የምነግራችሁ፤ ዝም አለች። አፏ አዎ ልትል ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ጋሽ ተክለወልድ ግን ልጄ ብሎ ገብቶ አክስት ሆኖ መውጣት አልጣማቸውም። ለአክስት አልሰጥም አሉ። እናትየዋን በስልክ አገናኙኝ፣ ድምጿን ለልጅቷ ላሰማ፤ ያኔ ውሰዱ አሉ።

በዚህ መሃል ደምሰው ድምፅ ማጉያውን ሰምቶ ደርሶ ነበር። እናትየዋ ስልክ የላትም አለ። ሽማግሌው እንግዲያው ሰው ተልኮ እናትየዋ እስክትመጣ ልጅቷ በፖሊስ በኩል በአደራ ትቆያለች አሉ። የምትመጣ እናት የለችም። አይናዲስ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች።

“እናቷ እኔ ነኝ” አለች።

“አሁን አክስት ነበርሽ” አሉ ጋሽ ተክለወልድ።

እትዬ ጌጤነሽ ዞር ብለው አዩዋት። “ምን ማለትሽ ነው አይናዲስ?”

 አይናዲስ ጭቃው ላይ ተንበርክካ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። እንባዋ ይወርዳል። “ረድኤትዬ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፣ አይደል?” አለቻት።

ልጅቷ እንባውን አየች። ትንሽ ፈገግ አለች፤ እንዳልተሸነፈ ሰው ፈገግ አለች። “አይደለሽም” አለችና ለከረሜላው መዳፏን ዘረጋች።

ጋሽ ተክለወልድ ልጅቷን ስበው ከኋላቸው አደረጓት። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ተንሾካሾከ፤ አንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ። ደምሰው ሚስቴ ናት፣ ልጃችን ናት እያለ ይምላል። እሱስ ማን ነው ሲሏት ልጅቷ የአክስቴ ባል ናቸው አለች። አይናዲስ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኳት፣ እኔ ነኝ ትላለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ሰው የሰማው ልጅቷ “አይደለሽም” ስትላት ነው።

የተዘረጋችውን መዳፍ ልብ ያሉት እትዬ ጌጤነሽ ብቻ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጠሯት።

“እጅሽን ለምን ዘረጋሽ?”

“ለከረሜላ።”

“የምን ከረሜላ ነው የኔ ልጅ? ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።”

ረድኤት እናቷን አየች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ “እናቴ አይደለሽም ካልኩ ይሰጡኛል” አለች።

 እትዬ ጌጤነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያን ቀን በራቸው ላይ የሰሙት “ልጅ የለንም” ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። “ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት እንግዳ አይደለሽም። እናትሽ እናትሽ ብትሆንም አላስወጣችሁም።”

ልጅቷ አሰበችበት። “በክረምትም?”

“በክረምትም።”

“ቀይ ቀለም አይቀቡንም?”

“እኔ እያለሁ ማንም አይቀባም።”

ያኔ ወደ አይናዲስ ዞረች። “እማ” አለች፤ ብላም ወዲያው እትዬ ጌጤነሽን አየች፣ ፊታቸው ተለውጦ እንደሆነ ልታውቅ። ሁለተኛ ስትለው ግን ማንንም አላየችም፤ የእናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ነው ያለችው። ጋሽ ተክለወልድ መንገድ ለቀቁ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ ጌጤነሽ ፊት ፊት ሄዱ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ልጅ አለሽ ወይ ብዬ መቼ ጠየቅሁሽ?” አሏት።

አይናዲስ ደላላው እንዲህ ብሎን ነው አለች። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የተገለጠው። ከዚያ በፊት የነበሩ ተከራዮች ልጃቸውን ቤት ዘግተውበት ሥራ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ምድጃ ነክቶ እሳት ተነሣ፤ እትዬ ጌጤነሽ በሩን በመጥረቢያ ሰብረው ነው ያወጡት። ተርፏል፤ ጩኸቱ ግን ከጆሯቸው አልወጣም። ለቢተው የነገሩት ልጅ ዘግቶበት የሚሄድ ሰው እንዳታመጣብኝ ብለው ነው። ቢተው ነገር ማሳጠር ይወዳልና ልጅ አይፈልጉም አደረገው። እነ አይናዲስ ደግሞ ይጠይቁን እንጂ ብለው አልጠበቁም፤ ሳይጠየቁ ካዱ።

“ደላላው ቤት ያሳይሽ እንጂ ልጅሽን ምን አገባው?” አሉ እትዬ ጌጤነሽ። ሌላ አልጨመሩም፤ ቁልፉንም አልጠየቁም። አይናዲስ ግን ቢያስወጡኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች። ከንቱ ሴት ናት ያሏትን አንድም ቀን አላነሱባትም፤ እሷ ናት የምታነሳው።

እኔ እዚያ ግቢ ስገባ ረድኤት ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። የምታሳሳ ልጅ ናት፤ ጨዋነቷ ግን አንጀት ይበላል። የገዛ እናቷ ቤት ምግብ ቀርቦ ልብላ ብላ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አይናዲስ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የምትሰጣት፤ ቤትሽ ነው ትላታለች። ልጅቷ እሺ ትላለች፤ በማግስቱ ደግሞ ትጠይቃለች። አይናዲስ አንድ ጊዜ “ቤቱን በአንድ ቀን ነው ያገኘሁት፤ እሷን ግን እስከዛሬ እየመለስኳት ነው” አለችኝ።  እኔም ቤት ፈልጌ አውቃለሁ፤ ሰው ቤት ሲያጣ ምን ምን ለመስጠት እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ።

ተረቷን የተናገሩት ጋሽ ተክለወልድ ናቸው። በእርሳቸውም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሐሳቡን ያመጣው አባትየው ሆኖ ሳለ ተረቷ እሱን ዘልላዋለች። ተረት እንዲህ ነው፤ ሴት ላይ መውደቅ ይቀናዋል። የዚያን ዕለት እነ አይናዲስ ልጃቸውን አቅፈው ከወጡ በኋላ ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ ይባላል። በረዶው አቁሞ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ያቺ ስታለቅስ የነበረች ሴት ምን ሆና ነው፣ ልጅ ሰርቃ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። አልሰረቀችም አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ “ለጣራ ብላ ልጇን እንግዳ አለች።”